ዩኒቨርሲቲ ኩባንያ ሲወልድ፦ ከስታንፎርድ ታሪክ የሚቀዳውና የማይቀዳው

በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከተማ ስታርትኤክስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አለ። ሥራው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራንና ምሩቃን የሚመሠርቷቸውን ጀማሪ ኩባንያዎች ለተወሰኑ ወራት አቅፎ መያዝ፣ ልምድ ካላቸው ሰዎች ጋር ማገናኘትና ባለሀብቶች ፊት ማቅረብ ነው። አክስለሬተር ወይም ማፋጠኛ የሚባለው ዓይነት መሆኑ ነው። ከብዙዎቹ ማፋጠኛዎች የሚለየው ለሚሰጠው ድጋፍ ከኩባንያዎቹ ምንም ድርሻ አለመውሰዱ ነው። ሐሳቡም የመጣው ከላይ ከአስተዳደሩ አይደለም። በ2010 አካባቢ ከተማሪዎች የንግድ ድርጅት ውስጥ ተወልዶ በኋላ ራሱን ችሎ ወጣ። በ2013 ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ በስታርትኤክስ ውስጥ ባለፉ ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ፈንድ አቋቋሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የመሰለ ማዕከል ዛሬ በየአገሩ አለ። ከናይሮቢ እስከ ሲንጋፖር፣ ከቴል አቪቭ እስከ አዲስ አበባ "የፈጠራ ማዕከል" ወይም "ኢንኩቤሽን ማዕከል" የሚል ሰሌዳ ያለበት ግቢ አይጠፋም። አጀማመሩም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የልዑካን ቡድን ካሊፎርኒያ ሄዶ ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሲመለስ አዳራሽ ያሳድሳል፣ ባለ ቀለም ወንበር ያስገዛል። ቀጥሎ የፈጠራ ውድድር ይዘጋጃል። ለአሸናፊው በትልቅ ካርቶን ላይ የታተመ ቼክ ይሰጠዋል። በዓመቱ ያ አሸናፊ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ለመሆኑ ከስታንፎርድ የተቀዳው የትኛው ክፍል ነው? ስታርትኤክስ ሲመሠረት ኤችፒ ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ጉግል በኩባንያነት ከተመዘገበ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰን፣ ሲስኮና ያሁ ሁሉም ቀድመውት ተወልደዋል። ማፋጠኛው የመጣው በመጨረሻ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተመታ ጣሪያ ነው ማለት ይቻላል። እንግዳ ከሩቅ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ይዞ የሚመለሰውም የጣሪያውን ሥዕል ነው። ስለዚህ ከመሠረቱ መጀመር ይሻላል።

መሬቱ

ሌላንድ ስታንፎርድ በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረ፣ የካሊፎርኒያ ገዥ የነበረ ሰው ነው። አንድያ ልጁ በ1884 ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ በታይፎይድ ሞተበት። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነበር። አባትና እናት በሟች ልጃቸው ስም በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ። ትምህርት የተጀመረው በ1891 ነው። ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት መሬት፣ የፈረስ ማርቢያ እርሻቸውን ጨምሮ፣ ከ3,300 ሄክታር በላይ ይሆናል። ስጦታው ግን አንድ ጥብቅ ቃል ነበረበት፤ መሬቱ ፈጽሞ አይሸጥም። ይህች አንዲት ቃል ከ60 ዓመት በኋላ የብዙ ነገር ምክንያት ሆናለች።

ስታንፎርድ ለብዙ ዓመታት ስመ ጥር አልነበረም። የአሜሪካ እውቀትም ገንዘብም ያለው በምሥራቁ ዳርቻ፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ ነበር። እንዲያም ሆኖ የግቢው ልማድ ቀደም ብሎ መታየት ጀምሯል። በ1909 ሲሪል ኤልዌል የተባለ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ኩባንያ ለማቋቋም ሲነሳ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዴቪድ ስታር ጆርዳን ከኪሱ 500 ዶላር አወጣለት። ሌሎች መምህራንም ተከተሉ። ኩባንያው በኋላ ፌዴራል ቴሌግራፍ ተብሎ የአካባቢው የሬዲዮ ባለሙያዎች መፍለቂያ ሆነ። ያኔ "ስታርትአፕ" የሚባል ቃል የለም፣ ውድድር የለም፣ ዳኛ የለም። የነበረው ተማሪውን የሚያውቅ መምህርና ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ነው።

መምህሩ

የታሪኩ ዋና ሰው ፍሬድሪክ ተርማን ነው። በ1900 ተወለደ። አባቱ ሉዊስ ተርማን የስታንፎርድ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ስለነበር ልጁ ያደገው በግቢው ጥላ ሥር ነው። የዶክትሬት ትምህርቱን በ1924 ኤም.አይ.ቲ. ጨርሶ እዚያው ሊያስተምር ሲዘጋጅ የሳንባ ነቀርሳ ጣለው። ወደ አንድ ዓመት ገደማ አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የቦስተን ብርድ አይሆንህም ተባለና ፓሎ አልቶ ቀረ። ምሥራቁ ያጣውን መምህር ምዕራቡ በበሽታ ምክንያት አገኘ።

ተርማን ሬዲዮ ምህንድስናን ሲያስተምር አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ጎበዝ ተማሪዎቹ ሲመረቁ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ። በአካባቢያቸው የሚቀጥራቸው የለም። ዛሬ በኛ አገር ምሁራን ፍልሰት የምንለው በሽታ በካሊፎርኒያም ነበረ ማለት ነው። እርሱ ታዲያ ተማሪዎቹን እየሰበሰበ በአቅራቢያው ያሉ አነስተኛ የሬዲዮ ድርጅቶችን ያስጎበኛቸው ጀመር። ዓላማው ግልጽ ነበር። ድርጅቶቹን የመሠረቷቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከእነርሱ የበለጠ ያልተማሩ መሆናቸውን በዓይናቸው እንዲያዩት ነው።

ከተማሪዎቹ ሁለቱ ዊልያም ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ ነበሩ። ሁለቱም በ1934 ተመረቁ። ፓካርድ ኒው ዮርክ ግዛት ሄዶ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ተቀጠረ። ተርማን ግን አልተወውም። በ1938 የጥናት ድጎማ አፈላልጎለት መልሶ አመጣው። ሂውሌት በዚያን ጊዜ ለስታንፎርድ የመመረቂያ ጽሑፉ የድምፅ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ እየሠራ ነበር። የብልሃቱ እምብርት ተራ ትንሽ አምፖል ናት። የመሣሪያውን ሞገድ አረጋግታ የምትይዘው እርሷ ነች። በዚህም በጊዜው ከነበሩት እጅግ የረከሰና የተሻለ መሣሪያ ወጣው። ተርማን ይህ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጽሑፍ እንዳልሆነ፣ ሊሸጥ እንደሚችል ነገራቸው።

በ538 ዶላር መነሻ ካፒታል፣ በአዲሰን ጎዳና ባለ አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ኩባንያው በጥር 1939 ተመሠረተ። የማን ስም ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ወርውረው ወሰኑ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻቸው አንዱ ዋልት ዲዝኒ ነበር፤ ፋንታሲያ ለተባለው ፊልሙ የድምፅ ሥራ ስምንት መሣሪያዎችን ገዛቸው።

ስለ ሲሊከን ቫሊ የሚወራው ተረት በአብዛኛው እዚህ ጋራዥ ላይ ያቆማል። ጋራዡ ዛሬ የታሪክ ቅርስ ነው፣ ቱሪስት ይጎበኘዋል። የጋራዡን በር ያስከፈተው ግን የአንድ መምህር የዓመታት ክትትል፣ የአንድ ቤተ ሙከራ ቁሳቁስ፣ የአንድ የመመረቂያ ጽሑፍና ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ደንበኛ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ኤችፒ የሚባል ኩባንያ መኖሩ ያጠራጥራል።

በዚያው ዘመን ሌላም ታሪክ ነበር። በ1937 ራስልና ሲግርድ ቫሪያን የተባሉ ወንድማማቾች ወደ ስታንፎርድ የፊዚክስ ክፍል መጡ። ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አልከፈላቸውም። ቤተ ሙከራውን እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው፤ ለቁሳቁስ መግዣ 100 ዶላር ሰጣቸው፤ ከሥራቸው ገቢ ከተገኘ ግን እኩል እንካፈላለን አላቸው። እነርሱም ከፕሮፌሰር ዊልያም ሃንሰን ጋር ሆነው ክላይስትሮን የሚባለውን፣ ለራዳር ሥራ እጅግ ያስፈለገውን ቱቦ ፈለሰፉ። ያቺ 100 ዶላር ዩኒቨርሲቲው ካወጣቸው ገንዘቦች ሁሉ ብዙ ካተረፉት አንዷ ናት። ውሉ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሥራው ሳይጀመር ምን እንደሚደርሰው ያውቅ ነበር።

ጦርነቱና የመንግሥት ገንዘብ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛ የምርምር ገንዘብ አፈሰሰ። ትልቁ ድርሻ ወደ ምሥራቁ ሄደ። ተርማንም ተጠርቶ ሃርቫርድ ውስጥ የጠላትን ራዳር ማወናበጃ ዘዴ የሚያጠና ቤተ ሙከራ እንዲመራ ተሾመ። ከ800 በላይ ሰው ያስተዳድር ነበር። በዚያ ቆይታው አንድ ነገር ተረዳ፦ ጦርነቱ ሲያልቅ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ አይቆምም፣ ገንዘቡ የሚሄደውም ብቁ ባለሙያ ወዳሰባሰበ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ስታንፎርድ የምህንድስና ዲን ሆኖ ሲመለስ አብረውት ከሠሩት ጥቂት ምርጥ ሰዎችን ይዞ መጣ። አካሄዱ ሁሉን ትምህርት ክፍል እኩል ማሳደግ አልነበረም። ጥቂት መስኮችን መርጦ በዓለም አንደኛ ማድረግ ነበር፤ "የልቀት ማማዎች" ይላቸዋል። የባሕር ኃይሉ የምርምር ቢሮ ገንዘብ መጣ። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጎረፈ። በዙሪያው የተከፈቱት ኩባንያዎች የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛ የአሜሪካ መከላከያ ሆነ።

ይህ የታሪኩ ክፍል በማፋጠኛ አዳራሾች ውስጥ አይነገርም። እዚያ የሚነገረው ስለ ደፋር ወጣቶችና ስለ አርቆ አሳቢ ባለሀብቶች ነው። እውነቱ ግን ከባለሀብቶቹ በፊት መንግሥት ለ20 ዓመታት ያህል ያለ ስስት ገዝቷል፣ ምርምሩንም ከፍሏል። ጉግል እንኳ የተወለደበት የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ጥናት የሚደጎመው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበር።

ዋጋም ተከፍሎበታል። በሚያዝያ 1969 የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ተማሪዎች የተግባራዊ ኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራውን ለዘጠኝ ቀናት ተቆጣጠሩት። "በግቢያችን ምስጢራዊ የጦር ምርምር አይካሄድ" ነበር ጥያቄያቸው። ዩኒቨርሲቲው ምስጢራዊ ምርምሩን አቆመ። ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋሙም በ1970 ተነጥሎ ወጣ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያመጣውን እድገት የወደደ ሁሉ፣ ገንዘቡ ምን ሊሠራበት እንደተሰጠ ከሚጠይቅ ትውልድ ጋር መገናኘቱ እንደማይቀር ይህ ታሪክ ያሳያል።

ሊዝ

አሁን ወደዚያች "መሬቱ አይሸጥም" ወደምትለው ቃል እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው ከጦርነቱ በኋላ ሰፊ መሬትና ባዶ ካዝና ይዞ ተቀመጠ። መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን ይችላል። በ1951 ከግቢው ጎን የኢንዱስትሪ ፓርክ ከለለና ቦታውን ለረጅም ዓመታት በሊዝ መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያው ተከራይ በ1948 የተመሠረተው የቫሪያን ወንድማማቾች ኩባንያ ነበር። ቀጥሎ ኤችፒ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ሎክሂድና ሌሎችም ገቡ።

መነሻው ገቢ ፍለጋ ነው። ስታንፎርድ በሌላው መሬቱ ላይ የገበያ ማዕከልም አሠርቷል። በፓርኩ ጉዳይ ግን የተርማን እጅ ገባበት። ቦታ የሚሰጠው ሥራው ከዩኒቨርሲቲው ምርምር ጋር ለሚገናኝ ድርጅት ይሁን አለ። በ1954 ደግሞ የኩባንያዎቹ መሐንዲሶች በሥራ ላይ እያሉ የማስተርስ ትምህርት የሚማሩበት፣ ክፍያውን አሠሪያቸው የሚሸፍንበት ፕሮግራም ተከፈተ። በዚህ መንገድ መምህሩና መሐንዲሱ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ምን ችግር እንዳለ፣ ሌላው ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን መፍትሔ እንዳለ ተነጋገሩ። ዛሬ ለማፋጠኛ ተብሎ በሆቴል አዳራሽ የሚዘጋጀው "የትስስር ምሽት" ሊፈጥረው የሚሞክረውን ነገር ያኔ በየሳምንቱ የመማሪያ ክፍሉ ይፈጥረው ነበር።

የማን ነው?

በ1970 ኒልስ ራይመርስ የተባለ ሠራተኛ የዩኒቨርሲቲውን የቴክኖሎጂ ፈቃድ ቢሮ አቋቋመ። ሥራው በቤተ ሙከራ የተገኘን ፈጠራ በፓተንት ማስጠበቅና ለኩባንያዎች በፈቃድ መስጠት ነው። የገቢው አከፋፈል በጽሑፍ የሰፈረ ነው። ለቢሮው 15 በመቶና ወጪው ተቀንሶ የቀረው ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ለፈጣሪው፣ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለኮሌጁ። መምህሩ ፈጠራውን የሚደብቅበት ምክንያት አነሰ፤ የትምህርት ክፍሉም ምቀኛ የሚሆንበት ምክንያት አጣ።

ውጤቱ ታየ። የስታንፎርዱ ስታንሊ ኮኸንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኸርበርት ቦየር ከአንድ ሕያው ነገር ዘረመል ወስዶ ወደ ሌላው የማስገባትን ዘዴ አገኙ። የዘመናዊው ባዮቴክኖሎጂ መሠረት ይህ ነው። ፓተንቱ እስኪያበቃ ድረስ ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ1980 የወጣው ባይ-ዶል የተባለው ሕግ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ፈጠራ በዩኒቨርሲቲዎች እጅ እንዲቆይ ፈቀደ፤ ሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች በስታንፎርድ መንገድ ተከተሉ።

ሁሉም ነገር ግን በሰላም አልሄደም። ሲስኮን የመሠረቱት ባልና ሚስት ሊዮናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ነበሩ። ይዘውት የወጡት የኔትወርክ ማገናኛ መሣሪያ በግቢው ውስጥ በሌሎች ሰዎችም እጅ የተሠራ ስለነበር ብርቱ ጠብ ተነሳ። በ1987 በፈቃድ ስምምነት ተቋጨ። ጉግል ሲመጣ ነገሩ ለስለስ ያለ ነበር። የፍለጋው ቀመር ፓተንት የስታንፎርድ ነው፤ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በፈቃድ ወሰዱት፤ ዩኒቨርሲቲው በምትኩ አክሲዮን ያዘ። በ2005 አክሲዮኑን ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ለጉግል የመጀመሪያውን 100,000 ዶላር ቼክ የጻፈው አንዲ ቤክቶልሻይምም እንግዳ ሰው አይደለም። በ1982 ሰን የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ የኩባንያው ስም ራሱ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ የተወሰደ ምሕጻረ ቃል ነው። የትናንቱ ተማሪ የዛሬው ባለሀብት ሆኖ ተመለሰ። ማኅበረሰብ የሚባለው እንዲህ ሲዞር ነው።

ከጫጩት ማስፈልፈያ እስከ ማፋጠኛ

ኢንኩቤተር የሚለው ስም የመጣው ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። በ1959 በኒው ዮርክ ግዛት ባታቪያ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ብዙ ሰው ሥራ ፈቶ ነበር። ጆሴፍ ማንኩሶ የሕንፃውን ክፍሎች እየከፋፈለ ለጥቃቅን ነጋዴዎች አከራየ፤ የጋራ አገልግሎትና ምክርም ሰጣቸው። ከተከራዮቹ አንዱ ዶሮ አርቢ ነበርና፣ ማንኩሶ እኛም እዚህ ኩባንያ እናስፈለፍላለን እያለ ይቀልድ ጀመር። ስሙ ጸደቀ። በ2005 ደግሞ ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው ድርጅት ጀማሪዎችን በቡድን ተቀብሎ፣ በሦስት ወር አሯሩጦ ለባለሀብት የማቅረብን ዘዴ ይዞ መጣ። ማፋጠኛ የሚባለው መልክ ያዘ። ስታርትኤክስ ይህን ዘዴ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አመጣው፤ ድርሻ መውሰዱን ግን ተወ።

ሦስት ወር በቂ የሚሆነው የሚፋጠን ነገር ቀድሞ ሲኖር ነው። ለስታንፎርድ ሰዎች ነበራቸው፤ ከኋላቸው የ100 ዓመት ክምችት አለ። የቆመን መኪና ግን ነዳጅ መስጫውን ቢረግጡት ጩኸት እንጂ ርቀት አይገኝም።

ጥላውም መነገር አለበት። በ2003 ኤልዛቤት ሆምስ የ19 ዓመት የስታንፎርድ ተማሪ ሳለች ቴራኖስን መሠረተች፤ ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን አቋረጠች። ከዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ፕሮፌሰሮች አንዱ ከጎኗ ቆመ። በጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ ይሠራል የተባለው መሣሪያ እንደተባለው ሳይሆን ቀረ፤ በጥር 2022 ባለሀብቶችን በማታለል ጥፋተኛ ተባለች። በ2013 ደግሞ ክሊንክል የተባለ የክፍያ መተግበሪያ ኩባንያ 25 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ አነጋጋሪ ሆነ። የተወሰኑ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው ገቡበት፤ ከመምህራኑም ገንዘብ ያስገቡ ነበሩ። ኩባንያው ከሰመ። መምህር የተማሪው ባለ አክሲዮን ሲሆን ውጤት የሚሰጠው በየትኛው ባርኔጣው ነው የሚለው ጥያቄ ግን አልከሰመም።

ተርማን ራሱ መቅዳት ሲያቅተው፣ ሲሳካለትም

መቅዳት ይቻላል ወይ ለሚለው ከተርማን የበለጠ ምስክር የለም። በ1965 ጡረታ ሲወጣ ቤል ላብስን ጨምሮ የኒው ጀርሲ ትልልቅ ኩባንያዎች "የስታንፎርድን ዓይነት ነገር እዚህ አቋቁምልን" አሉት። ባለሙያ ሞልቷቸዋል፣ ገንዘብም አላቸው። ዕቅዱ ግን ወረቀት ላይ ቀረ፤ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ መተባበር አልሆነላቸውም። ቴክሳስ ውስጥ የተሞከረውም እንዲሁ ብዙ አልራቀም።

የተሳካው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው፤ በደቡብ ኮሪያ። በ1970 በአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት በኩል የተላከው የተርማን ቡድን የሳይንስ ከፍተኛ ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረበ። ተቋሙ በ1971 ቆመ። ዛሬ ካይስት የሚባለው ነው። ያቺ ኮሪያ ከ20 ዓመት በፊት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የደረሱላት፣ ያኔም ገና ድሃ የነበረች አገር ናት። የኮሪያ መንግሥት አዳራሽ በመሥራት አልጀመረም። ተቋሙን ከተለመደው የትምህርት ሚኒስቴር አሠራር አውጥቶ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር አደረገው። ውጭ የነበሩ ምሁራኑን ለመመለስ የተሻለ ክፍያ ሰጠ። ለተማሪዎቹ የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎቱን አቃለለላቸው። ኩባንያ መመሥረት ከዚያ በኋላ መጣ። በ1985 ሜዲሰን የተባለው የሕክምና አልትራሳውንድ አምራች፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ኔክሰንና ኔቨር በካይስት ልጆች ተመሠረቱ። ከተቋሙ ምሥረታ እስከ ሜዲሰን 14 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

እኛ ጋ

ኢትዮጵያ ከባዶ የምትነሳ አገር አይደለችም። በአሜሪካ እርዳታና በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን እገዛ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ማድረስን አንድ ላይ አስሮ የተነሳ ነበር። ከዚያ የተመረቀው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ1983 ለሱዳን ገበሬዎች የቀረበውን ድቅል ማሽላ፣ በኋላም አቀንጭራ የሚባለውን ተባይ አረም የሚቋቋም ዘር አውጥቶ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል። የዓለማያን አሠራር ጠንካራ ያደረገው ደንበኛው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው መታወቁ ነው። ማሽላው የሚዘራው ማን ማሳ ላይ እንደሆነ ተመራማሪው ያውቃል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በ2011 አይስአዲስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ተከፍቶ፣ በኋላ ከግቢው ወጥቶ ራሱን ቻለ። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው የተከፈተው ማዕከል ጥቂት አይደለም። ወጣቶቹም ሐሳብ አላጡም። የሚያጡት ከሐሳቡ በኋላ የሚመጣውን ነው። ተማሪው የሠራውን መሣሪያ አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ቢፈልገው እንኳ፣ ጨረታው የዓመታት የሥራ ልምድና የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ይጠይቀዋል። ሂውሌትና ፓካርድ የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጡ ቢባሉ ኖሮ ጋራዡ ዛሬም ጋራዥ ነበር።

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ከወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ገቢያችሁን ራሳችሁ ፈልጉ እየተባሉ ነው። መሬት አላቸው። አንዳንዱ ግቢ ንጉሡ በ1961 ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ እንደሰጡት እንደ ስድስት ኪሎው ያለ፣ በስጦታ የተገኘ ሀብት ነው። ይህ መሬት ለሱቅና ለካፌ ይከራያል ወይስ ለተማሪው ሥራ ለሚሰጥ አምራች? ቀላሉ የመጀመሪያው ነው፤ ኪራዩም ከነገ ጀምሮ ይገባል። ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህ አሥር ዓመት የሚወሰነው ውሳኔ የሚቀጥሉትን ሃምሳ ዓመታት ይወስናል።

ስለዚህ ቀጣዩ የዩኒቨርሲቲ ፈጠራ ማዕከል ሪባን ሲቆረጥ ጋዜጠኛውም፣ ተማሪውም፣ ግብር ከፋዩም ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ደግ ነው።

አንደኛ፦ እዚህ የሚሠራውን ነገር መጀመሪያ የሚገዛው ማን ነው? ሽልማት ደንበኛ አይሆንም። መንግሥት ከሆነ ገዢው፣ የግዢ መመሪያው ለጀማሪ በር ከፍቷል ወይ?

ሁለተኛ፦ ተማሪው የሠራው የማን ነው? የተማሪው፣ የአማካሪው ወይስ የዩኒቨርሲቲው? በጽሑፍ ያልሰፈረ ሕግ ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ ያፋቅራል፤ ገንዘቡ ሲመጣ ያጣላል። አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ማንም የሚረዳው ውል ይበቃል። የቫሪያን ወንድማማቾች ውል ከዚያ አይበልጥም ነበር።

ሦስተኛ፦ መምህሩ በአምስት ዓመቱ እዚህ ይኖራል ወይ? በደመወዙ መኖር አቅቶት በሦስት የግል ኮሌጅ የሚሯሯጥ ወይም ቪዛ የሚጠብቅ መምህር የተማሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ ገልጦ "ይህ እኮ ይሸጣል" የሚልበት ጊዜ የለውም። ከማዕከሉ ወንበር በፊት የመምህሩ ወንበር ይቅደም።

ለእነዚህ መልስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ማፋጠኛ ይክፈት፤ ይጠቅመዋል። መልስ የሌለው ደግሞ አዳራሹን ለጊዜው ይተወውና ያንን ገንዘብ ለአንድ ቤተ ሙከራ፣ ለአንድ ጎበዝ መምህርና ቁሳቁስ ለሚገዛ የ100 ዶላር ውል ያድርገው። በየመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሱት የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አምፖሏን ያገኘ ልጅ አይጠፋም። የጠፋው ጽሑፉን ከመደርደሪያው የሚያወርድለት ሰው ነው።